የራዳሜስ ፖሎኒያ ዕድሜ

በዚያ ዓመት ራዳሜስ ፖሎኒያ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው ለአራተኛ ጊዜው ነበር። በየዓመቱ የቡድኑ መዝገብ ሲከፈት ሠላሳ ሰባት ብሎ ያስጽፋል። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሲያየው፣ «ምን ታየኛለህ? ይኼ ቁጥር ተስማምቶኛል» ይላል። በእውነቱ በቦካ ማንሳ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ዕድሜዋን ሳትቀንስ የኖረችው ሜዳውን የምትደለድለው በቅሎ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን ጥርሷ ስለሚያጋልጣት ነው።

እኔ ኔሬዮ እባላለሁ። ኳስ ቀላቢ ነበርኩ፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው የለቀቀውን መቺውም የሳተውን በጓንቱ የሚቀበለው ሰው ማለት ነኝ። የራዳሜስን ኳስ አሥራ ስምንት ዓመት ቀልቤያለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝም እሱ ነው፤ ስለዚህ አበልጄ ነው። የመጀመሪያ ቁርባኔን ስቀበል እሱ ጢሙን ይላጭ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እኔ ደግሞ በዚህ በምነግራችሁ ዓመት ሠላሳ ስምንት ሞልቶኛል። ግን ሰው አበልጁን ቁጥር አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ ጨዋታ የሚጀመረው ሸንኮራው ታጭዶ ካለቀ፣ የስኳር ፋብሪካው ጭስ ከቆመና ወንዱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ በረንዳ ላይ ከተሰጣ በኋላ ነው። በሳምንት አራት ጨዋታ አለ። አንድ ወርዋሪ ክንዱን ሳይሰብር በሳምንት ከአንድ ጨዋታ በላይ መክፈት፣ ማለትም ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መወርወር፣ ስለማይችል፣ ተራ የሚገቡ አራት ከፋቾች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ነበሩን። ነገር የመጣው በአራተኛው ነው።

የቡድኑ ባለቤት ዶኛ ኤዱቪሂስ ነበሩ። የበረዶ ፋብሪካውንና ቡድኑን ከአባታቸው ወርሰው፣ ሁለቱንም ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ደንብ አወጡ፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለቦካ ማንሳ አይጫወትም። ጥፋቱ የእኛው ነው። ባለፈው ዓመት የግራ ሜዳ ተጫዋቻችን የተመታ ኳስ ሊያባርር ሮጦ ሮጦ መሃል መንገድ ላይ ቁጭ አለ። ኳሱ አጠገቡ ተንከባሎ አለፈ። ሰው ሁሉ ቆስሏል ብሎ ሲከበው፣ «ኧረ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አለ። ለካ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዶኛ ኤዱቪሂስ ከዚያ ቀን ወዲህ ሽበት ያየ ዓይናቸው ይቀላል።

ለአራተኛው ተራ የታሰቡት ሁለት ነበሩ። አንዱ ራዳሜስ፣ ሌላው ፋውስቲኖ የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ። ፋውስቲኖ ሲወረውር ኳሷ አትታይም፤ ድምጿ ብቻ ይሰማል። ችግሩ የት እንደምትሄድ እሱም አያውቅም። ባለፈው ፋሲካ ለሙከራ ሲወረውር ከሜዳው ጥግ ተቀምጦ የነበረውን የባንዱን ከበሮ ቀዶ አልፏል። ከበሮ መቺው እስከዛሬ ሰላም አይለውም።

ራዳሜስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኳሱ የት እንደምትሄድ ያውቃል፤ ሄዳ እስክትደርስ ግን እንቁላልም በእግሩ ይደርሳል።

አሰልጣኛችን ፔርሲዮ በፋብሪካው የሸንኮራ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲመዝን ስለሚውል ሰው ሲያናግርም ዓይኑን አጥብቦ የሚመዝን ይመስላል። አንድ ጠዋት ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር የፊት መከላከያዬን ጠፍር ስጠግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኔሬዮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እንደ አበልጅ ሳይሆን እንደ ቀላቢ መልስልኝ።»

«አበልጅነቱን የት ላስቀምጠው?»

«እዚያ ባልዲው ላይ አስቀምጠው። ስትሄድ ታነሳዋለህ።»

«እሺ፣ ጠይቅ።»

«ራዳሜስ ጨዋታ ቢከፍትልኝ ስንት ዙር ይዘልቃል?»

ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። እውነቱን ማንም ከእኔ የተሻለ አያውቀውም፤ አምስት። እስከ አምስተኛው ዙር ድረስ መቺዎቹን እንደ ፈለገ ያጫውታቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ እንደ እርጥብ ፎጣ ይሆናል። አምስት ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሰባት» አልኩ።

ፔርሲዮ ከሸንኮራው ሥር ድንጋይ የደበቀ ጋሪ እንዳየ አየኝ። «ሰባት?»

«ነፋስ ከሌለ።»

ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና፣ «ቅዳሜ ሁለቱም በራሳችን መቺዎች ላይ ሦስት ሦስት ዙር ይወረውራሉ። ዶኛም ይመጣሉ» ብሎ ሄደ። እኔም ጠፍሬን ስጠግን ጣቴን ወጋሁ።

ቅዳሜ ግማሽ ከተማው መጣ። ሥራ የፈታ ሰው ነፃ ነገር አያመልጠውም። ዶኛ ኤዱቪሂስ ከእኔ ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር ማዶ ባለው የመጀመሪያ ወንበር ተቀመጡ። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፣ ሰፊ ባርኔጣ። ከጎናቸው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዶን ኦቶኒኤል ሽቶ ተቀብቶ ተቀምጧል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለዶኛ አበባ መላክ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ ከተማው ሁሉ የሠርጉን ቀን ነበር የሚጠብቀው።

መጀመሪያ ፋውስቲኖ ወጣ። የመጀመሪያዋ ኳስ ጓንቴ ውስጥ ስትገባ መዳፌ እሳት የነካው ያህል ጮኸ። ሁለተኛዋ ደግሞ። በሦስት ዙር ውስጥ አምስት መቺ ዱላውን አየር ላይ እያወናጨፈ ሦስቴ ስቶ ተቃጥሎ ወጣ፤ አራቱ ደግሞ ኳሱ ሁሉ ከመስመር ስለወጣ ሳይመቱ በእግራቸው ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሄዱ። አንዱን መቀመጫው ላይ መታው። አንዷ ኳስ ከራሴ በላይ አልፋ፣ ከሽቦውም አልፋ፣ የሎሚ ጭማቂ ሻጯን እንስራ ሰበረች።

«ይቅርታ እናቴ!» ብሎ ጮኸ ፋውስቲኖ ከመወርወሪያው ጉብታ ላይ።

«አንተ ልጅ፣ አንተን የወለደች ምን በልታ ነው?» አለች ሻጯ ቀሚሷን እየጨመቀች።

ዶኛ ኤዱቪሂስ ግን በጓንታቸው አጨበጨቡ። «ይኼ ነው ወጣትነት!» አሉ።

ከዚያ ራዳሜስ ወጣ። የሚራመደው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም እንደሚሄድ ሰው ነው። ጉብታው ላይ ወጣ፣ አፈሩን በጫማው አስተካከለ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ፀጉሩን ዳበሰ፣ ኮፍያውን መለሰ። ፀጉሩን የዚያን ጠዋት በጫማ ቀለም ማጥቆሩን ያወቅኩት ላቡ በጆሮ ግንዱ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲወርድ ነው።

የመጀመሪያው መቺ ኤላዲዮ ነበር፤ የሸንኮራ ቆራጭ፣ ክንዱ የሰው ጭን የሚያህል።

«ኤላዲዮ፣ አማትህ ተሻላት?» አለው ራዳሜስ ከጉብታው ላይ።

«ተሽሏታል ዶን ራዳ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አሁንም እናንተ ቤት ነች?»

ኤላዲዮ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ኳሷ መጣች። መጣች ማለት ይከብዳል፤ እየመጣች ነበር። ኤላዲዮ ዱላውን በሙሉ ጉልበቱ ወዘወዘ። ኳሷ ገና አልደረሰችም። ደግሞ ሊወዘውዝ ዱላውን ሲመልስ በጉልበቱ በኩል ጎንበስ ብላ አልፋ ጓንቴ ውስጥ ተኛች።

«ሁለቴ ስተሃል በአንድ ኳስ!» አልኩት።

«ዝም በል ኔሬዮ። የማን ወገን ነህ አንተ?»

«ሰው ሲጠየቅ ቢመልስ ምን አለበት?» አለ ራዳሜስ። «አማትህን ነው የጠየቅኩህ።»

በሦስት ዙር አንድ ሰው ብቻ ነው ኳሱን በደንብ የመታው። የቀሩት ወይ ቀድመው ወዘወዙ፣ ወይ መሬት ለመሬት አንከባለሉ፣ ወይ እየሳቁ ተቃጠሉ። ሰዉም ይስቃል፤ ፔርሲዮ ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑን አጥብቦ የራዳሜስን ትከሻ ነበር የሚያየው።

ማማ ኤርሲሊያ፣ የራዳሜስ እናት፣ የመጡት በመጨረሻው ዙር ላይ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው፣ ከዶኛ ኤዱቪሂስ አጠገብ ተቀመጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ከወደቡ ይሰማል። እኔ ከሽቦው ወዲህ ቁጢጥ ብዬ ቃል በቃል ነው የሰማሁት።

«ልጅዎ ጥሩ ይወረውራል፣ ማማ ኤርሲሊያ» አሉ ዶኛ ኤዱቪሂስ በትሕትና።

«ለዕድሜው አይከፋም» አሉ ማማ ኤርሲሊያ።

ጓንቴ ውስጥ የነበረችውን ኳስ ጣልኳት።

«ሠላሳ ሰባት ትልቅ ዕድሜ አይደለም» አሉ ዶኛ።

«ምን ሠላሳ ሰባት አለ? ሠላሳ ሰባት ታናሽ እህቱም አልፋዋለች!» አሉ ማማ ኤርሲሊያ። «ራዳሜስ እኮ የትልቁ አውሎ ነፋስ ቀን ነው የተወለደው። ጣሪያው ሲሄድ እሱ መጣ።»

የትልቁን አውሎ ነፋስ ዓመት እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። ዶን ኦቶኒኤል በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ከኋላ የተቀመጡትም ቆጠሩ። አርባ አራት! ወሬው ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሄድ በጆሮዬ ሰማሁት። ራዳሜስ ጉብታው ላይ ሆኖ ምን እንደተባለ አልሰማም፤ የእናቱን አፍ ሲያይ ግን ገብቶት ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ።

ዶኛ ኤዱቪሂስ ቀጥ ብለው ተነሱ። «ፔርሲዮ! ና ወዲህ!» አሉ። «ደንባችን ግልጽ ነው። ከአርባ በላይ የሆነ ሰው...»

ማማ ኤርሲሊያ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም ነበር። ያማረ ትዝታ የያዘ ሽማግሌ በማንም ደንብ አይቋረጥም። «እንዴት ያለ ቀን ነበር!» ብለው ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ቤታችን ሲፈርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሸን። መሠዊያው አጠገብ ምጥ የያዘን ሁለት ሴቶች ነበርን። እኔ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል ደግሞ ነፍሷን ይማርና ያንቺ...»

«ማማ ኤርሲሊያ!» አሉ ዶኛ ኤዱቪሂስ። ፊታቸው እንደ ቀሚሳቸው ነጣ። «በረዶ ያለበት ጭማቂ ላስመጣልዎት?»

«እንስራው ተሰብሯል ሲሉ ሰማሁ።»

«ከቤት ይመጣል! በረዶ ያለበት! የፈለጉትን ያህል በረዶ!»

ዶን ኦቶኒኤል ጣቶቹን እንደዘረጋ ቀረ። «ሁለተኛዋ ሴት ማን ነበረች?» ብሎ ጠየቀ፤ ሰውየው በተፈጥሮው ታሪክ ይወዳል።

ማማ ኤርሲሊያ ዶኛ ኤዱቪሂስን አዩ። ዶኛ ኤዱቪሂስ ማማ ኤርሲሊያን አዩ። እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው መልሼ የጓንቴን ስፌት መርምሬያለሁ፤ በጆሮዬ ግን ያን ቀን የኖርኩትን ያህል ኖሬ አላውቅም።

«እኔንጃ ልጄ» አሉ ማማ ኤርሲሊያ ለዶን ኦቶኒኤል። «እርጅና ነው። ልጄ አራተኛውን ተራ ሲያገኝ ምናልባት ትዝታዬ ጨርሶ ይጠፋ ይሆናል።»

ፔርሲዮ በዚህ መሃል መጥቶ ደረጃው ሥር ቆሟል። «ጠርተውኛል ዶኛ? ስለ ደንቡ ነው?»

«የምን ደንብ?» አሉ ዶኛ ኤዱቪሂስ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። «እሱ የወጣው ለግራ ሜዳ ተጫዋች ነው። ወርዋሪ ምን ይሮጣል? አሰልጣኙ አንተ ነህ፤ የሚሻልህን ምረጥ።» ተቀመጡና በእጅ ማራገቢያቸው ፊታቸውን አራገቡ።

ፔርሲዮ ግን በዶኛ ፍርሃት ሰው የሚመርጥ አልነበረም። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ወደ እኔ መጣ። መዳፌን በበረዶ ባልዲ ነክሬ ተቀምጫለሁ፤ የፋውስቲኖ ኳስ ዳቦ አሳክሎታል።

«በሦስተኛው ዙር ትከሻው ወርዷል» አለ። «አየሁት። ሰባት ነው ያልከኝ?»

ሁለተኛ ልዋሽ አልቻልኩም። «አምስት» አልኩ። «አምስቱን ግን እንደ ንጉሥ ነው።»

«ይኼን የመጀመሪያ ቀን ብትለኝ እኮ ምን ነበረበት?»

«አበልጅነቱ ባልዲው ላይ አልቀመጥ ብሎኝ ነው።»

ፔርሲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በማግስቱ ዝርዝሩን በሩ ላይ ለጠፈው። አራተኛው ተራ፦ ራዳሜስ እስከ አምስተኛው ዙር መጨረሻ፣ ከዚያ ፋውስቲኖ። ብልህ ሐሳብ ነበር። አምስት ዙር እንቁላል ሲጠብቅ የቆየ መቺ ድንገት የመድፍ ጥይት ሲመጣበት ምን ይሆናል?

ራዳሜስ ግን ወረቀቱን ሁለቴ አነበበውና ከሰማያዊ ማሊያው ይልቅ ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ግማሽ ሰው ነኝ?» አለ። «የጀመርኩትን ምግብ ሌላ ሰው ይጨርስልኝ?»

«አጎቴ፣ እኔ እኮ...» አለ ፋውስቲኖ።

«አጎትህ ከበሮ ይምታልህ!» ብሎ ጓንቱን በብብቱ ይዞ ወጣ።

የት እንደሄደ አላጣሁትም። ከወደቡ በላይ ባለው የአልሞንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጡረተኞች ቀኑን ሙሉ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ስደርስ ራዳሜስ ተቀምጦ ድንጋዮቹን ያገላብጣል። ሽማግሌዎቹ ደስታቸው ወሰን የለውም።

«ወንበሩን ለሁለት ዓመት ይዘንለት ነበር» አለኝ አንዱ፣ ጥርስ አልባው። «ሰው ሊቀመጥበት ሲመጣ፣ ተው፣ የራዳሜስ ነው እንላለን።»

ይኼ ንግግር አበልጄን ከወረቀቱ የበለጠ እንደወጋው ከአገጩ አወቅኩ። አንድ ሳጥን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለፔርሲዮ አምስት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማ ብዬ።

የያዘውን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ጠፍ አደረገው፤ ቀሪዎቹ ዘለሉ። «አንተ? አሥራ ስምንት ዓመት የቀለብከኝ ሰውዬ? የልጅህን ራስ በእነዚህ እጆች ይዤ?»

«መጀመሪያ ሰባት ነው ያልኩት። ዋሽቼልህ ነበር።»

«ታዲያ በውሸትህ አትጸናም? ምን ዓይነት አበልጅ ነህ?»

ሽማግሌዎቹ ጨዋታውን አቁመው ያዳምጣሉ። እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ከፋውስቲኖ ኳስ ያበጠው መዳፌ ገና ቀይ ነበር። «ይኼን አየህ? አንተም ድሮ እንዲህ ታደርገኝ ነበር። ሚስቴ ሌሊት ሌሊት በጨው ውኃ ታሽልኝ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ያንተን ኳስ ቀልቤ ቤቴ ስገባ እጄን አያመኝም። ጊታር መምታት ሁሉ እችላለሁ።»

እጄን ያዘና እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። «ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ዕድሜህን አልነገርከኝም፤ እኔም እጄን አልነገርኩህም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። ራዳሜስ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ከዚያ ጨዋታውን ቀጠለ፤ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ ዙሩን በላ፤ የሽማግሌዎቹን እርግማንም ተቀበለ።

«ያ ጎረምሳ» አለ ድንገት፣ እኔን ሳያይ፣ «ኳሱ ለምን እንደምትባክን ታውቃለህ?»

«ለምን?»

«ግራ እግሩን ሲያሳርፍ ዓይኑ ከጓንትህ ላይ ይነሳና ልጃገረዶቹ ወደተቀመጡበት ይሄዳል። እግርም ዓይንን ይከተላል። ክንዱ ምንም አልሆነም፤ ክንዱ የእግዜር ስጦታ ነው። አንድም ሰው ይኼን አልነገረውም?»

«ያየው ሰው የለም።»

«ዕውር ሁላ!» አለና ድንጋዮቹን እንደገና በወዘ።

እመጣለሁም አልመጣምም አላለኝም። ሐሙስ ግን ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሜዳው ላይ ነበር። ፋውስቲኖን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ፣ የልጁን ዓይን በመሐረብ ሸፍኖ፣ «እንግዲህ አሁን ወርውር፤ እኔን የምታየኝ በእግርህ ነው» ይለዋል። እኔና ፔርሲዮ ተያየንና አለፍን። ፀጉሩ ላይ ቀለም አልነበረም።

የመጡብን የፕላያ ኦንዳ ልጆች ናቸው፤ ከነደጋፊዎቻቸው በሦስት የጭነት መኪና። ራዳሜስ ወደ ጉብታው ሲወጣ ጩኸቱ ሰማይ ነካ።

«አያታችሁን ማን አመጣው?»

«ወንበር አምጡለት ኧረ! እንዳይወድቅባችሁ!»

ራዳሜስ ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳቸው። አራት ዙር ሙሉ አንድም ሰው ማረፊያዎቹን ዞሮ ነጥብ ሳያስገባ አቆማቸው። የአንዱን አባት ጤና ጠየቀ፣ ለሌላው የሠርጉን ቀን አስታወሰ፤ የሦስተኛውን የጫማ ክር ተፈቷል ብሎ አስጎነበሰው። ዳኛው ሁለቴ ዝም በል ቢሉት፣ «ሰላምታ በየትኛው ሕግ ነው የተከለከለው ጌታዬ?» አላቸው። እኛ ሦስት ነጥብ አስገባን።

በአምስተኛው ዙር ክንዱ ወረደ። ከጓንቴ አወቅኩት። ሁለት ሰው ተቃጠለ፤ ዙሩ የሚያልቀው ሦስተኛው ሲቃጠል ነው፤ ግን አንድ ነጥብ ገባብን፤ ሦስቱም ማረፊያዎች ላይ ሰው ቆመ። ሊመታ የመጣው ደግሞ የፕላያ ኦንዳ ትልቁ መቺ ነው፤ ስሙን አልጠራውም፣ አሁን የአክስቴን ልጅ አግብቷል። ፔርሲዮ ሊቀይረው ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ጉብታው መራመድ ጀመረ።

«ተመለስ!» ብሎ ጮኸ ራዳሜስ። «አምስተኛው አላለቀም! ሚዛንህን አስተካክል!»

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ፔርሲዮ መሃል ላይ ቆመ፤ አየው፤ እኔን አየኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ይሞክር ብዬ። ተመለሰ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ቀስ ያለችውን ኳስ በጣቴ ጠየቅኩት። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እንደገና ጠየቅኩት፤ እምቢ። ፈጣኗን ነው የፈለገው። ፈጣን ኳስ እንደሌለው ግን እሱም እኔም እናውቃለን! ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ጓንቴን ዘረጋሁ። ራዳሜስ ለዚያን ቀን የቀረውን ጉልበት ሁሉ አጠራቅሞ ለቀቃት። ከሌላ ሰው እጅ ብትወጣ መካከለኛ የምትባል ኳስ ነች። ያ መቺ ግን ከሰዓት ጀምሮ እንቁላል ሲጠብቅ ነበር የዋለው፤ ዘገየ፤ በዱላው ጫፍ አገኛትና ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ ወጣች። መከላከያዬን ጥዬ ሮጥኩ። ሽቦው ላይ ተጋጭቼ፣ በጀርባዬ ወድቄ፣ መሬት ሳትነካ ደረቴ ላይ ቀለብኳት። ተቃጠለ!

ራዳሜስ ወደ ጉብታው እየመጣ ያለውን ፋውስቲኖን ጠበቀው። ትከሻውን ይዞ የሆነ ነገር ነገረው። ከዚያ ወጥቶ ከእኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

የፋውስቲኖ የመጀመሪያ ኳስ ከራሴ በላይ በርራ አጥሩን መታች። መቺው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እግርህን!» ብሎ ጮኸ ራዳሜስ ከአግዳሚው፣ አፉ በብርቱካን ሞልቶ። «ልጃገረዶቹ የትም አይሄዱም! እግርህን!»

ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ ለእኔ የመዳፍ ሥቃይ ነው። አራቱን ዙር ልጁ ብቻውን ሰባት ሰው አቃጠለ፤ ሦስት ሰው በእግሩ ሰደደ፤ አንዱን ወገቡ ላይ መታ፤ አንድ ነጥብም ገባበት። ባለ ከበሮው ከሩቅ ተቀምጦ ከበሮውን ታቅፎ ይጸልይ ነበር። ሦስት ለሁለት አሸነፍን። ፔርሲዮ መጥቶ ራዳሜስን ሊያቅፈው ሲል፣ «ቆይ፣ እጄ ብርቱካን ነው» አለው፤ ግን ታቀፈለት።

በዚያ ወቅት በአራተኛው ተራ አሥራ ሦስት ጨዋታ ከፈተ። ስድስቱን አሸነፈ፣ አራቱን ተሸነፈ፣ የቀሩት ሦስቱ በሌሎቹ ወርዋሪዎች ስም ተጻፉ። እኛም ሦስተኛ ወጣን፤ ለቦካ ማንሳ ብዙ ነው። ዶኛ ኤዱቪሂስ ለማማ ኤርሲሊያ በየሳምንቱ በረዶ በሙሉ ከረጢት ይልኩላቸው ነበር። የዶኛና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሠርግ ከጥምቀት በፊት ሆነ፤ አሮጊቷም በክብር ወንበር ተቀመጡ፣ አፋቸውንም ለምግብ ብቻ ከፈቱት።

የመጨረሻውን ጨዋታ ግን በክፉ ተሸነፍን። ራዳሜስ በሁለተኛው ዙር ስድስት ነጥብ ገባበትና ፔርሲዮ ሳይመጣ ኳሷን ይዞ ራሱ ወጣ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ እሱና እኔ ጓንቶቻችንን ትከሻችን ላይ አንጠልጥለን በባሕሩ ዳር ወደ ቤት ሄድን። የተጠበሰ ዓሣ ገዝተን በመንገድ ላይ እየበላን ነው።

«በቃኝ፣ አበልጄ» አለ። «የሚመጣው ዓመት ጎረምሶቹን አስተምራለሁ እንጂ አልወረውርም።»

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ጥቂት እርምጃ ሄድን። እሾህ ከአፉ አወጣና ጣለ። «ጥሩ ነው? እንዲሁ ጥሩ ነው? ትንሽ እንኳ አትለምነኝም?»

ቆሜ ለመንኩት። በሚስቴ ስም፣ በልጄ ስም፣ በቦካ ማንሳ ስም ለመንኩት። የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን። እሱ ዓሣውን እየበላ እስከ መጨረሻው ሰማኝና እምቢ አለ።